ድምፅ ሌላ፣ ጩኸት ሌላ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። በዩኒቨርሲቲያችን የኪነ ጥበብ ምሽት ላይ ጊታር የያዘ ተማሪ መድረክ በወጣ ቁጥር ዓይናችን የሚያየውና ጆሮአችን የሚሰማው ሊስማሙ አልቻሉም። ዓይናችን የሚያየው ከእንጨት የተሠራ፣ ሆዱ ባዶ፣ ስድስት ክር ያለው፣ በጣት የሚነካ መሣሪያ ነው። ጆሮአችን የሚሰማው ግን ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው። በመካከሉ ያ ሁላችንም የምናውቀው ፉጨት ይነሣል፤ ከፊት የተቀመጡት ጆሮአቸውን ይይዛሉ፤ ከኋላ የቆሙት ይስቃሉ፤ ተጫዋቹም ደንግጦ ክሮቹን በመዳፉ ያፍናቸዋል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ይቀነስበትና ምሽቱ እስኪያልቅ ድረስ ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ እናያለን እንጂ የሚጫወተውን አንሰማም።

ይህ ነገር ከመደጋገሙ የተነሣ የተፈጥሮ ሕግ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። «ጊታር ድሮም እንዲህ ነው፤ ስፒከር ውስጥ ሲገባ ይበላሻል» ይሉናል። እኛ በበኩላችን ይህን አንቀበልም። የማንቀበለውም የጆሮ ቅንጦት ይዞን አይደለም። ከዚህ የተነሣ በመድረካችን ላይ ምን እየሆነ እንደመጣ ልብ በሉ። ጊታር ወይም ክራር የሚጫወቱ ጓደኞቻችን አንድ ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ካፈሩ በኋላ በሦስተኛው አይመጡም። በእነርሱ ፈንታ በፍላሽ የመጣ ሙዚቃ ይከፈታል፤ ደፋሩ በላዩ ላይ ይዘፍናል፤ ያልደፈረው ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ግጥም የሚያነቡልን ጓደኞቻችንም አንድ ጊታር ከጎናቸው ሆኖ እንዲያጅባቸው መጠየቁን ትተውታል። ስለዚህ የተያዘው ጥያቄ በመድረካችን ላይ በገዛ እጁ የሚጫወት ሰው ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚል ነው።

አሁን ደግሞ ማኅበራችን ለኪነ ጥበብ ክፍሉ ከተያዘው ገንዘብ ላይ ሁለት ተጨማሪ ትልልቅ ስፒከሮች (በከተማችን አነጋገር ስሙ ምንም ይሁን ምን ሁሉም ሞንታርቦ ነው) ሊገዛ አስቧል የሚል ወሬ እንሰማለን። ወሬው ውሳኔ ሳይሆን የሚሰማንን ብንናገር ይሻላል ብለን ይህን ጻፍን። አሳባችን አጭር ነው። ጊታሩን የገደለው በመጨረሻው ሜትር ላይ የቆመው ስፒከር አይደለም፤ በመጀመሪያው ሜትር ላይ ያለው ነገር ነው። ድምፅ ከእንጨቱ ወጥቶ ኤሌክትሪክ በሚሆንበት ቦታ ላይ የተበላሸ እንደ ሆነ፣ በመጨረሻ አሥር ስፒከር ቢደረደርለት አሥር እጥፍ ተበላሽቶ ይወጣል እንጂ አይድንም።

እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን። ስለ ኦምና ስለ ቮልት ስንጽፍ የምህንድስና ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ፈገግ ቢሉ አይከፋንም፤ ለማረም ብዕር ቢያነሡ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለናል። ጆሮ ግን በፋኩልቲ አልተከፋፈለም።

እንግዲህ ጊታር እንዴት ድምፅ እንደሚሰጥ እናስብ። ክር ብቻውን ከሁለት ምስማር መካከል ቢወጠርና ቢነካ ድምፁ ከአጠገቡ ላለ ሰው እንኳ በጭንቅ ይሰማል። ጊታርን ጊታር የሚያደርገው ክሩ ሳይሆን እንጨቱ ነው። ክሩ የሚያርፍበትን ድልድይ ይነቀንቃል፤ ድልድዩ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ውፍረት ያለውን የፊት ሳንቃ ይነቀንቃል፤ ሳንቃውና በሆዱ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ በዙሪያቸው ያለውን አየር ያንቀሳቅሳሉ። ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አንድ ጓደኛችን ሲጫወት የምንሰማው ይህን ሁሉ ተቀላቅሎ ነው፤ እንጨቱን፣ ከቀዳዳው የሚወጣውን ትንፋሽ፣ ጣቱ ክሩን ሲለቅ የሚሰጠውን ትንሽ ድምፅ፣ የክፍሉንም ግድግዳ ጭምር።

ወደ መድረክ ሲወጣ ግን ይህን ሁሉ የሚያዳምጥለት የለም። በዛሬዎቹ ጊታሮች ውስጥ በብዛት የሚገኘው አዳማጭ ክሮቹ ከሚያርፉባት ነጭ ዘንግ ሥር የተቀበረ ቀጭን ነገር ነው። ፒክአፕ ይሉታል፤ ስሙ ከጭነት መኪናው ጋር አንድ ቢሆንም ዝምድና የላቸውም። የሚሠራውም ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ በሚያወጡ ክሪስታሎች ጠባይ ነው። ይህን ጠባይ ያገኙት ዣክና ፒየር ኪዩሪ የሚባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ሲሆኑ ዘመኑም 1880 ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጠቅሳለን)። ፒክአፑ የክሩን ጭንቀት በቅርብ ይሰማል፤ እንጨቱ የሚመልሰውን መልስ ግን በሚገባ አይሰማም። ሰው ሲናገር አፉን ትቶ ጉሮሮውን እንደ ማዳመጥ ነው። ቃሉ ሁሉ አለ፤ ሰውዬው ግን የለም። ከስፒከሩ የምንሰማው ያ ደረቅ፣ የሚንቋቋ ድምፅ የመጀመሪያ ምንጩ ይኸው ነው።

ይህስ ባልከፋ። ከዚህ የከፋው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ በመድረካችን ላይ ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ ትልቁ፣ ለማረምም እጅግ ርካሹ እርሱ ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት።

ባትሪ የሌለው ፒክአፕ እጅግ ዓይን አፋር ነገር ነው። የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ከቁጥር የማይገባ ስለ ሆነ የሚቀበለው ዕቃ በጣም በቀስታ ሊጠይቀው ይገባል። ያን ቀስታ መሐንዲሶች በኦም ይለኩታል፤ ኦሙ ሲበዛ አጠያየቁ ይለዝባል። በእኛ አዳራሽ የሚደረገው ምንድን ነው? ከጊታሩ የሚወጣው ገመድ በአንድ መቀየሪያ ጫፍ ተገጥሞ ለማይክራፎን በተሠራው የሚክሰር ቀዳዳ ይሰካል። የዚያ ቀዳዳ ልክ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሺህ ኦም ቢሆን ነው። በሌላኛው ቀዳዳ ቢሰካም 10 ሺህ ኦም ገደማ ነው። ፒክአፑ ግን ቢያንስ 1 ሚሊዮን፣ ቢቻል እስከ 10 ሚሊዮን ኦም ይፈልጋል።

ልዩነቱ በጆሮ ምን እንደሚመስል በቁጥር እናሳይ። አንድ ናኖፋራድ የሚይዝ ፒክአፕ በምሳሌ እንውሰድ። በ10 ሺህ ኦም ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ከ16 ሺህ ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ሁሉ እየመነመነ ይሄዳል። የጊታር ወፍራሙ ክር የሚርገበገበው በሴኮንድ 82 ጊዜ ገደማ ነው። እንግዲህ የዚያ ክር ዋና ድምፅ ሚክሰሩ ዘንድ ሲደርስ ሁለት መቶ አንድ እጅ ገደማ ሆኖ ነው ማለት ነው። ያው ጊታር በ1 ሚሊዮን ኦም ላይ ቢሰካ ግማሽ ያህሉ ይደርሳል፤ በ10 ሚሊዮን ላይ ቢሰካ ሙሉ በሙሉ ደረሰ ማለት ይቻላል። ጊታሩ አልተለወጠም፤ ተጫዋቹ አልተለወጠም፤ ስፒከሩም ያው ነው። የተለወጠው ገመዱ የገባበት ቀዳዳ ብቻ ነው። ሒሳቡን የተጠራጠረ የምህንድስና ጓደኛውን ይጠይቅ፤ በሁለት ደቂቃ ያወጣለታል።

ከዚያ በኋላ የሚከተለው የታወቀ ነው። የድምፅ ተቆጣጣሪው «ይህ ጊታር ደካማ ነው» ብሎ ኃይሉን ይጨምርለታል፤ «ቀጭን ነው» ብሎ የወፍራሙን ድምፅ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ያዞርለታል። በገመዱ ላይ የተጠራቀመው የመብራት እዝዝታ (የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚርገበገብ እዝዝታውም የዚያና የእጥፎቹ ነው) አብሮ ያድጋል። ፉጨቱም መንገዱ ተጠርጎለት ይመጣል።

መድኃኒቱ ዲ አይ የሚባል፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሳጥን ነው። ሥራው ሁለት ነው። በአንድ ወገን ጊታሩን በለዘብታ ይቀበላል፤ በሌላው ወገን ደግሞ ድምፁን እዝዝታን በሚከላከል ገመድ ከመድረክ እስከ ሚክሰሩ ድረስ ያደርሳል። ሃያና ሠላሳ ሜትር ርቀት አያስፈራውም። ነገር ግን ዲ አይ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጊታር የሚበጀው መግቢያው ከ1 ሚሊዮን ኦም የማያንስ፣ በባትሪ ወይም ከሚክሰሩ በሚመጣው 48 ቮልት የሚሠራው ነው። ይህን ሳይጠይቁ መግዛት ከድሮው ቦታ መመለስ ነው፤ አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል እንዲህ ያለውን።

በሆዱ ውስጥ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ያለው ጊታር ይህን የመቀበል ሥራ ራሱ ስለሚሠራ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀልለታል። እርሱም ቢሆን የራሱ ጠንቅ አለበት። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ድምፁ ወዲያው አይጠፋም፤ መጀመሪያ መሻከርና መሰነጣጠቅ ይጀምራል፤ ሁላችንም ስፒከሩን እንረግማለን። በብዙዎቹ ጊታሮች ላይ ባትሪውን የሚያበራው ገመዱ ራሱ ነው። ከልምምድ በኋላ ገመዱን ሳይነቅል የተኛ ተጫዋች በማግስቱ ምሽት በሞተ ባትሪ መድረክ ይወጣል።

አሁን ወደ ፉጨቱ እንሂድ። ፉጨት ማለት ድምፅ ክብ ሠርቶ መዞር ነው። ከስፒከሩ የወጣው ተመልሶ ጊታሩን ይነካዋል፤ ጊታሩ ይንቀጠቀጣል፤ ፒክአፑ ይሰማዋል፤ ወደ ስፒከሩ ይልከዋል፤ ያም ይመልሰዋል። ባዶ ሆድና ቀጭን ሳንቃ ያለው ዕቃ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ክፍል ውስጥ ድምፁን ያሳመረለት ያው ጠባይ መድረክ ላይ ጠላቱ ይሆናል። እንደሚታወቀው ቢትልስ የተባሉት እንግሊዛውያን በ1964 ባወጡት አንድ ሸክላ መጀመሪያ ላይ ከጆን ሌነን ጊታር የወጣውን እንዲህ ያለ ጩኸት ሆን ብለው አስቀርተውታል። እነርሱ ሲያደርጉት ጥበብ ሆነ። በእኛ አዳራሽ ግን ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም።

የሌነን ጊታር ከተነሣ አንድ ነገር እንጨምር። ያ ጊታር ጊብሰን የተባለው ኩባንያ ከ1954 ጀምሮ የሠራው፣ ማግኔት የተገጠመለት ዓይነት ነው። ሠሪዎቹ ፉጨቱን ስለ ፈሩ የፊት ሳንቃውን ከአንድ ወጥ እንጨት ሳይሆን እኛ ኮምፔንሳቶ ከምንለው ከተደራረበው አደረጉት። አነስ ብሎ እንዲንቀጠቀጥ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ቻርለስ ካማን የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ ሄሊኮፕተር ሠሪ ነበር። የበረራ ዕቃ እንዳይንቀጠቀጥ ሲደክም የኖረ ሰው ዘወር ብሎ መንቀጥቀጥ ሥራው የሆነ ዕቃ ሠራ፤ በ1966 ጀርባው እንደ ቅል የከበበ፣ ከእንጨት ያልሆነ ጊታር አወጣ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ፒክአፑን ከክሮቹ ሥር ቀበረው። እንግዲህ ይህ የእኛ ችግር አዲስ አይደለም፤ ብልሆችና ባለገንዘቦች ሰባ ዓመት ያህል ታግለውበታል። በ1989 የተጀመረው «ያልተሰካ» የሚል ስም ያለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዝግጅት እንኳ ስሙን ብቻ ነው ያልተሰካው። በ1993 ኩርት ኮቤይን በዚያ መድረክ ላይ የተጫወተበት በ1959 የተሠራው ማርቲን ጊታር ፒክአፕ ነበረው፤ በማጉያም ያልፍ ነበር። ያ ጊታር በ2020 በጨረታ ስድስት ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ገመዱ ስንት እንዳወጣ አልተጻፈም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ፉጨቱ በአብዛኛው የሚነሣው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ የሆዱ አየር በሚተነፍስበት በ100 ኸርዝ አካባቢ፣ ሁለተኛው ሳንቃው በሚርገበገብበት በ200 ኸርዝ አካባቢ። ይህን ያወቀ የድምፅ ተቆጣጣሪ ያችን አንዲት ድምፅ ፈልጎ በጠባቡ ይቀንሳታል። ያላወቀው ግን ዋናውን ቁልፍ ይዞ ሁሉን ነገር ዝቅ ያደርጋል። አንድ ተማሪ ቢያወራ ክፍሉን በሙሉ እንደ ማባረር ነው። ከዚህም ሌላ የጊታሩን ቀዳዳ የምትደፍን ክብ ላስቲክ አለች፤ ዋጋዋ የአንድ ጥንድ ክር ያህል ነው፤ ብዙ ፉጨት ትዘጋለች። በአንዳንድ ጊታርና ዲ አይ ላይ የሞገዱን አቅጣጫ የምትገለብጥ ትንሽ ቁልፍ አለች፤ እርስዋን አንድ ጊዜ መጫን ያለ ምንም ወጪ ጩኸቱን ጸጥ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የመቆሚያ ቦታ አለ። በእኛ መድረክ ተጫዋቹ ራሱን እንዲሰማ ተብሎ ከእግሩ ሥር የሚቀመጠው ስፒከር ፊቱን በቀጥታ ወደ ጊታሩ ሆድ አዙሮ ነው የሚቀመጠው። አንድ ክንድ ወደ ጎን ቢገፋ ምን ነበረበት?

ፒክአፕን እንዲህ ካማን፣ ማይክራፎንስ? እኛ ስንወድ የምንወደው እርሱን ነው። አንድ ሰው ብቻውን በሚጫወትበት፣ ሕዝቡም ለመስማት በመጣበት ምሽት ጥሩ ማይክራፎን የሚያህለው የለም። ብቻ ቦታውን ይፈልጋል። ብዙ ሰው ማይክራፎኑን ከቀዳዳው ፊት ለፊት ይደቅነዋል፤ ድምፅ ከዚያ የሚወጣ ስለሚመስለው። ከዚያ የሚወጣው ግን በአብዛኛው ጉምጉምታ ነው። ማይክራፎኑ አንገቱ ከሆዱ በሚጋጠምበት፣ በአሥራ ሁለተኛው መከፋፈያ አካባቢ፣ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ሲቆም እንጨቱም ክሩም ይሰማል። ሦስትና አራት ሰው አብሮ ሲጫወት ግን ነገሩ ይከብዳል፤ የተከፈቱት ማይክራፎኖች ቁጥር እጥፍ በሆነ ቁጥር ሳያፏጭ የምናገኘው ኃይል በግማሽ ይቀንሳልና። ከበሮ ካለ ደግሞ ማይክራፎኑ የሚሰማው ከበሮውን ነው። ያን ጊዜ ወደ ፒክአፑ መመለስ ግድ ነው።

ስለ ጊታር ይህን ያህል ካወራን ስለ ክራር ዝም ማለት አግባብ አይመስለንም። ክራር በመድረካችን የሚደርስበት መከራ ከጊታሩ ይብሳል። ፊቱ ቆዳ ነው፤ ቆዳ ከሳንቃ ይልቅ በቀላሉ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ቶሎ ያፏጫል። ተጫዋቾቹ ይህን ለመሸሽ ሆዱን በጨርቅ ይጠቀጥቃሉ፤ ወይም ገበቴ የሌለውን ጠፍጣፋውን የኤሌክትሪክ ክራር ይይዛሉ። ይህኛው ለባንድ ጥሩ ነው፤ አንነቅፈውም፤ እርሱ ራሱን የቻለ ሌላ መሣሪያ ነው። ግን የአስናቀች ወርቁን ወይም የካሳ ተሰማን አሮጌ ቅጂ ያዳመጠ ሰው አንድ ክራርና አንድ ድምፅ ብቻቸውን ምን ያህል ቤት እንደሚሞሉ ያውቃል። በዚያ ቅጂ ላይ ጥፍር ክሩን ሲነካ ይሰማል፤ ቆዳው ሲመልስ ይሰማል። ዛሬ በአዳራሻችን ክራር የሚመታ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከዚያ ሁሉ የሚደርሰን ጭውታ ብቻ ነው። ከዚያም ልጁ «ክራር ለዘመናዊ መድረክ አይሆንም» ብሎ ኪቦርድ ሊማር ይሄዳል። ክራሩ ምን አደረገ?

በገና ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ከእያንዳንዱ ክሩ ሥር በብርኩማው ላይ የምትገባው ትንሽ የቆዳ እንዝራ ናት ያን የሚነዝር ድምፅ የምትሰጠው። እርስዋን የማይሰማ ፒክአፕ የገጠመ ሰው በገናውን ከነነፍሱ ቤት አስቀርቶታል።

በዚህ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ፤ በሩቁ አንሸሻቸውም። አንደኛው «አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ሕዝቡ ያወራል፤ የሚያስፈልገው ኃይል ነው» የሚል ነው። እውነት አለበት። ነገር ግን ሕዝቡ የሚያወራው ስለማይሰማ ሊሆን እንደሚችል አስበንበት እናውቃለን? ያለንን ስፒከሮች ኃይል ምሽቱን ሙሉ በፍላሽ የመጣው ሙዚቃ ሲከፈት አይተነዋል፤ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ኃይል ጎድሎን አያውቅም። ሁለተኛው «ኤኮ ሲጨመርበት ያምራል» የሚል ነው። ኤኮ እንደ ጨው ነው። ደግሞም አዳራሻችን ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ንጣፍ ድንጋይ ነው፤ ራሱ ከበቂ በላይ ኤኮ አለው። በላዩ ላይ የሚክሰሩ ሲጨመርበት ግጥም አንባቢው የተናገረው ቃል ሁለተኛውን ቃል ይደርስበታል፤ ጊታሩም ከዋሻ ውስጥ የሚጠራ ሰው ይመስላል።

ሦስተኞቹ ደግሞ በተቃራኒው የቆሙ ናቸው፤ «ኤሌክትሪክን ሁሉ ጣሉት፤ ጊታር እንደ ተፈጠረ ይሰማ» ይላሉ። ለእነዚህ ልባችን ያደላል፤ ሠላሳ ሰው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ በሚሰማበት ቀን ከእነርሱ ጋር ነን። እንዲያውም እንዲህ ያሉ ትንንሽ ምሽቶች ቢበዙልን እንወዳለን። ግን በሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ ሲሆን የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ የተቀመጠው የሰማውን በመጨረሻው ረድፍ ያለው አይሰማውም። ማጉያ የመጣው ለኋለኛው ሰው ነው። መጨረሻ ላይ የተቀመጠውም ተማሪ መዋጮውን እኩል ከፍሏል።

ከዕቃ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ግን ጊዜና ጆሮ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለጊታር ተጫዋችም ይህ ቃል በቃል እውነት ነው። እርሱ የሚሰማው ከደረቱ ጋር የተጣበቀውን እንጨት ነው፤ እኛ የምንሰማው ስፒከሩን ነው። ስለዚህ እርሱ «ጥሩ ነው» ቢል ማስረጃ አይሆንም። አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ረድፍ ሄዶ ቆሞ ማዳመጥ አለበት። ይህም ባዶ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ሰው ከገባ በኋላ ሌላ ጊዜ መሆን አለበት፤ የሰው ገላና ልብስ ቀጭኑን ድምፅ ይመጣልና በአራት ሰዓት የተስተካከለው በአሥራ ሁለት ሰዓት ሌላ ይሆናል። ይህን ሁሉ የድምፅ ተቆጣጣሪው ብቻውን ያድርግ ማለታችን አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጠራው በሰዓቱ ነው፤ ዕቃውን ዘርግቶ ሳይጨርስ ሕዝቡ ይገባል፤ የሚከፈለው ትንሽ ነው፤ ሲፏጭ ግን ሁሉም ወደ እርሱ ዞሮ ያየዋል። በእርሱ ቦታ ሆኖ ዋናውን ቁልፍ የማይቀንስ ማን ነው?

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ስለ ሁለቱ ስፒከሮች የተያዘው አሳብ ይቆይ። በዚያ ገንዘብ ትንሽ ክፍል ሁለት ደህና ዲ አይ፣ ለክርና ለክራር የሚሆን አንድ ጥሩ ማይክራፎን ከነመቆሚያው፣ ሁለት የቀዳዳ መድፈኛ ላስቲክና ጥቂት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይገዛ። ከምሽቱ በፊት ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሉ ሰዓት ለጊታርና ለክራር ብቻ ይለቀቅ፤ ንግግር የሚለማመዱት ባለሥልጣኖቻችን በዚያች ሰዓት ማይክራፎኑን አይንኩ። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዎች ደግሞ የመቀበያውን ሳጥን ራሳቸው ሊሠሩልን ይችላሉ ብለን እናምናለን፤ በውስጡ ያለው አንድ ትራንዚስተርና ጥቂት ሬዚስተሮች ናቸው፤ ለመመረቂያ ሥራ ቢያንስ እንኳ ለእሑድ ከሰዓት አያንስም።

የኪነ ጥበብ ክፍሉ ስብሰባ ሲጠራ ይህንኑ በቃል እናቀርባለን። ነገሩን በክርክር ብቻ መጨረስ ስለማይቻል ጊታር ወይም ክራር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። አንድ ዲ አይ ተውሰን እናመጣለን፤ ያው ጊታር መጀመሪያ እንደ ተለመደው፣ ቀጥሎ በሳጥኑ በኩል ይሰካል። የስብሰባው አባሎች ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያዳምጡ።